የጨርቅ ሱቁ የአኒሜ ደብተር

ደብረ ማርቆስ ላይ ዳታ በጠፋበት ሰሞን እኛ የአኒሜ ወዳጆችም ተቸግረን ነበር ብል፣ «እናንተን ብሎ ችግረኛ» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሰው የሚጨነቅበት ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። እኔም ብሆን ቁይ ያሉት እናትና አባቴ ደህና መሆናቸውን የምሰማው አንዳንዴ ከዚያ ለገበያ ከሚመጣ ሰው አፍ ነበር። ሆኖም ስለ ራሴ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ በዚያ ሰሞን ከሥራ ስወጣ የሚጎድለኝ ክርክር ነበር።

ከዚያ በፊት የቴሌግራም ቡድን ነበረን። አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን የምናይ የከተማው ልጆች አንድ ተከታታይ ስንጨርስ እዚያ እንገናኛለን። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው «እሳት ነው» ወይም «አስለቀሰኝ» ብሎ ነበር። እኔ ግን ያስለቀሰኝን ነገር ካላገኘሁት አላርፍም። ታሪኩ ነው ወይስ ሙዚቃው? ደራሲው ለዚህ እንባ ያዘጋጀኝ የት ላይ ነው? ጊዜ ሲያጥራቸው ሥዕሉን አቁመው አፍ ብቻ የሚያንቀሳቅሱበትን ቦታ ሳይቀር ለይቼ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ያመሰግነኛል፤ ሁሉም ግን «አንተ» ይለኛል። የመገለጫ ሥዕሌ አንዲት ቅጠል ናት። ሴት ነኝም ወንድ ነኝም ብዬ አላውቅም። እንዲህ አጥብቆ የሚከራከር ወንድ ነው ብለው ራሳቸው ወሰኑ፤ እኔም ዝም አልኳቸው።

ዳታው ሲጠፋ ቡድኑም አብሮ ጠፋ። አኒሜው ግን አልጠፋም። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ አባቷ ከመስጊዱ በላይ ባለው መንገድ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሷ ከሱቁ ጥግ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጣ ፊልም ትጭናለች። አጎቷ ከአዲስ አበባ ጨርቅ ሲጭንላቸው በጨርቁ መሐል ሃርድ ዲስክ ጠቅልሎ ይልካል። ስለዚህ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ሰው እንዲያውም በዛ። ችግሩ ሁሉም ጭኖ፣ ቤቱ ሄዶ፣ አይቶ፣ ዝም ማለቱ ነበር።

አንድ ቀን ይህን ሳማርርላት ከመሳቢያው አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አወጣች።

«ጻፊበት» አለችኝ።

«ማን ሊያነበው?»

«ፍላሹ እስኪጫንለት እዚህ ቆሞ ጥፍሩን የሚበላ ሁሉ ያነበዋል።»

ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ስም አይጻፍም፤ ምልክት ብቻ። እናት አይሰደብም። የተከታታዩን መጨረሻ የሚናገሩ ገጾች በልብስ መቆንጠጫ ይያዛሉ፤ ከመቆንጠጫው ላይ «ያልጨረሰ አይግለጥ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ደብተሩ ከጨርቅ መለኪያው ብረት አጠገብ ተቀመጠ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ሞላ።

እኔ የጻፍኩት ያኔ ከተማው ሁሉ ስላየው አንድ ተከታታይ ነው። ታሪኩ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ታሪክ ነው። ወንድሟን ገድለውባታል፤ ገዳዩን ፍለጋ ሃያ አራት ክፍል ሙሉ ትጓዛለች። በመጨረሻው ክፍል ስታገኘው ሽማግሌ ሆኗል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ውኃ መጠጣት አቅቶታል። ዋንጫውን አንስታ ታጠጣዋለች፤ ሰይፏን ሳትመዝ በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ወጣቱ ሁሉ በዚህ አለቀሰ። እኔ ተናደድኩ። በደብተሩ ላይ፣ ደራሲው ፈርቷል፣ ሃያ ሦስት ክፍል በቀል ሲሸጥልን ቆይቶ በሃያ አራተኛው ይቅርታን ከየት እንዳመጣው ሳይነግረን ሸሸ፣ ያልዘሩትን ማጨድ ሌብነት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከታች ቅጠሌን ሣልኩ።

በሦስተኛው ቀን መልስ አገኘሁ። ጽሕፈቱን ሳይ ቆምኩ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የሰው የእጅ ጽሕፈት ማንበብ እንጀራዬ ነው። ይህ ጽሕፈት እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው፤ ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ እያንዳንዱ በቦታው ገብቷል። ምልክቱ ሰባት ነጥብ ነው፤ በድሮ መጻሕፍት የአንቀጽ መዝጊያ ላይ የሚታየው ዓይነት፦ ፨። እንዲህ ይላል፦

«ባለ ቅጠል ሆይ፣ አንተ ያነበብከው የግርጌ ጽሑፉን ነው፤ ሥዕሉን አላየህም። በሦስተኛው ክፍል የተጠማ ሰው ውኃ ሲለምናት ዋንጫዋን ወደ ኋላዋ ትደብቃለች። በዘጠነኛው ከወታደሮቹ ጋር ስትቀመጥ ሁሉም ሲጠጣ እሷ አትጠጣም። ይቅርታው ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ተዘርቷል። ያላየ ዓይን አልተዘራም ይላል። ደግሞም ‹ሀዘን› ብለህ የጻፍከው ‹ሐዘን› በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው።»

ጆሮዬ ጋለ። እቤቴ ሄጄ ሦስተኛውንና ዘጠነኛውን ክፍል እንደገና አየሁ። ሰውዬው ልክ ነው። ዋንጫዋን ትደብቃለች፤ ካሜራው ለአፍታ ጀርባዋ ላይ ያርፋል፤ እኔ ያኔ ከታች የሚሮጠውን እንግሊዝኛ ሳነብ አምልጦኛል። መሸነፍ ግን አልፈለግኩም። አንዲት ዋንጫ መደበቅ ዘር ሳይሆን ጌጥ ናት ብዬ ጻፍኩለት፤ አልፎም «አንተ ፊደል ስትቆጥር ታሪኩ አመለጠህ» አልኩት። እሱም መለሰ። እኔም መለስኩ። ሌሎቹ በየጠርዙ «ባለ ቅጠሉ ዛሬ አልማረውም»፣ «ሰባት ነጥብ በርታ» እያሉ ይጽፉ ጀመር። ጓደኛዬ እንደነገረችኝ ፊልም የማይጭን ሰው ሳይቀር ክርክሩን ለማንበብ ይገባ ነበር። ሰባት ነጥብ ማን እንደሆነ ብጠይቃት ግን ከንፈሯን ቆልፋ «ደንብ ደንብ ነው» አለችኝ።

ማን እንደሆነ ያወቅሁት አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ ነው።

በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጃንጥላቸው ከእጃቸው የማይለይ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። ያን ቀን ሐኪሙ ሁለተኛ መድኃኒት ጨምሮላቸው ነበር።

«የትኛው ነው የጠዋቱ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በአንደኛው ካርቶን ላይ «ዘነግህ»፣ በሁለተኛው ላይ «ዘሠርክ» ብለው ጻፉ፤ ጠዋትና ማታ ማለታቸው ነው። ከዚያ እጃቸው እንደለመደው ሰባት ነጥብ አኖሩ።

ካርቶኖቹን ወደ እሳቸው ገፋሁ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ወጡ። እኔ ባንኮኒውን ተደግፌ ቀረሁ። ፊደል ስትቆጥር ታሪኩ አመለጠህ ያልኩት እኚህን ሰው ነው። አንተ እያልኩ፣ እየዘለፍኩ፣ አንድ ጊዜማ «የአኒሜ ሀሁ ያልቆጠርክ» ብያቸዋለሁ፤ ስንት ትውልድ ሀሁ ያስቆጠሩትን ሰው።

በዚያ ሳምንት ደብተሩ ላይ ስጽፍ «አንተ» የሚለው ቃል አልወጣልህ አለኝ። «እርስዎ» ብል ደግሞ ማወቄ ይታወቅብኛል። ስለዚህ ማንንም የማይጠራ ጽሑፍ ጻፍኩ፦ «የቀረበው ሐሳብ መልካም ነው፤ ምናልባት በሌላ ዓይን ቢታይ…» እያልኩ። ገጹን ሳነበው ራሴን አላወቅሁትም።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። «ባለ ቅጠል፣ ምን ነካህ? ያለፈው ሳምንት ሚጥሚጣ ነበርክ፤ ዛሬ የበሽተኛ ሾርባ ሆንክ። ከረታሁህ ተረታሁ በል። ካልረታሁህ ተነሥና ተከራከር።»

ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ብረቱን አስቀምጣ ሳቀች።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» አለችኝ።

«የአባቴ እኩያ ናቸው። እንዴት አንተ እላቸዋለሁ?»

«ስሚ፤ አክብሮት የፈለጉ እንደሆነ ሰፈሩ ሞልቶላቸዋል። ሲያልፉ ሁሉም ይነሣላቸዋል። እዚህ የሚመጡት የሚከራከራቸው ሰው ፈልገው ነው። ያንን ብትከለክያቸው ነው ነውሩ።»

ይህ ንግግሯ ልቤን መለሰልኝ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሄጄ ጨርቁ ላይ ተደግፌ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ደህናው እሱ ይመስለኛል። የዋንጫውን ነገር አምኜ ተቀበልኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ ደራሲው ያዘጋጀው እሷን ብቻ ነው። ገዳዩን አላዘጋጀውም። ገዳዩ በሃያ አራት ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አይናገርም። አላጠፋሁም አይልም፣ አጥፍቻለሁ አይልም። ያ ሰው አይደለም፤ ዋንጫዋን የምታነሣበት የቤት ዕቃ ነው። በእኛ አገር በሽማግሌ እርቅ ደም ሲደርቅ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ አፉን ከፍቶ በድያለሁ ይላል። ያልተጠየቀ ይቅርታ ለማን ተሰጠ? «አንተ ሆይ፣ ይህን ከመለስክልኝ ተረትቻለሁ» ብዬ ቅጠሌን ሣልኩ።

ሰባት ነጥብ ለአሥር ቀን ዝም አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ መስመር ብቻ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ይህ በወረቀት የሚመለስ አይደለም። በአካል እንገናኝ።»

ጓደኛዬ ይህን ስታነብ ዓይኗ አበራ። አባቷን አስፈቀደች፤ እሳቸውም ጨርቁን ሻይ እንዳይነካው አስጠንቅቀው እሑድ ከሰዓት ሱቁን ለቀቁልን። ወሬው በደብተሩ ተነገረ። ሃያ የሚሆን ሰው መጣ፤ ከዩኒቨርሲቲው የመጡም ነበሩ፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም ነበሩ። ወንበር ስላልበቃ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጥን። እኔ ከጓደኛዬ አጠገብ ነበርኩ፤ ሰዉ እሷን ላግዝ የመጣሁ መስሎታል።

መምህሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲገቡ በር አጠገብ የነበረው ልጅ ተነሣና «ጋሼ፣ ዛሬ ሱቁ አይሸጥም» አላቸው።

«ጨርቅ አልፈለግሁም» አሉት። «ሰባት ነጥቡ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉም ሊነሣ ሲል በእጃቸው ተቀመጡ አሉና ዙሪያውን ቃኙ።

«ባለ ቅጠሉስ የታለ?»

ተነሣሁ። ያሰብኩትን ያህል አልፈራሁም። ከኋላ «ሴት ናት እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ፤ እኔ ግን እሳቸውን ነበር የማየው። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«መድኃኒቴን የምትሰጪኝ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ ጋሼ።»

«እኔ መሆኔን ታውቂ ነበር?»

«ካርቶኑ ላይ ‹ዘነግህ› ብለው ከጻፉ ወዲህ አውቃለሁ።»

ትንሽ አሰቡና «ለካ ሾርባው ከዚያ ነው የመጣው» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «አሁንስ ሾርባ ነሽ ወይስ ሚጥሚጣ?»

«ከፈቀዱልኝ ሚጥሚጣ ነኝ።»

«ለዚያ አይደል የመጣሁት» ብለው ተቀመጡ።

ከመጀመራቸው በፊት አኒሜ ማየት እንዴት እንደጀመሩ ተናገሩ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በሌላ ከተማ ትማራለች። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ለክረምት እንኳ መምጣት አልቻለችም። ስልክ ሲሠራ ይደውላሉ፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከተባባሉ በኋላ ግን የሚሉት ያልቅባቸዋል። አንድ ቀን ክፍሏን ሲያጸዱ ሃርድ ዲስኳን አገኙ። ልጄ ሰዓቷን ሁሉ የምትሰጠው ለምንድን ነው ብለው ከመጀመሪያው ፋይል ጀመሩ። በመጀመሪያ ሥዕሎቹን ዓይን ብቻ የሆኑ ሰዎች ናቸው ብለው ሳቁባቸው። በሁለተኛው ወር የእሷን ጨርሰው ሌላ ሊያስጭኑ ጨርቅ ሱቁ መጡ።

ከዚያ ወደ ጥያቄዬ ገቡ። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ ግን እስከ በሩ የሚሰማ።

«ደብረ ወርቅ አካባቢ፣ እኔ ልጅ እግር መምህር ሳለሁ፣ ደም ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጫለሁ። ገዳዩ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ። በድያለሁ፣ ማሩኝ አለ። ቃሉ የተማረው ቃል ነው፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስጠኑት። የሟች እናት አፉን አላየችም። እጁን ነው ያየችው። ድንጋዩን የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ አየችና አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ነው እርቁ የወረደው። ስለዚህ ያ ሽማግሌ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ ተናግሯል አልኩ። አፉ ባይናገርም።»

አንዳንዱ አንገቱን እየነቀነቀ ወደ እኔ ዞረ፤ ያለቀልኝ መስሎት። እኔም ለጥቂት ጊዜ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ያን እናት በዓይኔ አየኋት። ግን ያንኑ ታሪካቸውን በልቤ ስደግመው አንድ ነገር ታየኝ።

«ጋሼ፣ ያ ሰው ወደ እናቲቱ ነው የመጣው አይደል?»

«አዎን። እስከ ደጃፏ።»

«ድንጋይ ተሸክሞ፣ በእግሩ።»

«በእግሩ።»

«በተከታታዩ ግን የሄደችው እሷ ናት። ሃያ አራት ክፍል የተጓዘችው እሷ፣ የደከመችው እሷ፣ በሩን ያንኳኳችው እሷ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ነው ያገኘችው። የእጁ መንቀጥቀጥ እርጅና ነው፤ ጸጸት መሆኑን በምን እናውቃለን? ያ የእርስዎ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ እናቲቱ ያመነችው መጥቶ ስለነበር ነው። እኔ የጎደለብኝ ቃሉ ብቻ አይደለም፤ አንዲት እርምጃ ናት። ወደ በሩ አንዲት እርምጃ ቢራመድ ኖሮ አለቅስ ነበር።»

መምህሩ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አቀረቀሩ። ከጥቅል ጨርቁ ላይ አንድ ልጅ «ግን ሴት ሆነሽ ይቅር ማለቷን እንዴት ጠላሽው?» አለኝ።

«ይቅርታውን አልጠላሁም» አልኩት። «ድካሙ ሁሉ በእሷ ላይ መጫኑን ነው የጠላሁት።»

መምህሩ ቀና አሉ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «እጁን ሳይ ማን ወደ ማን እንደሄደ አላየሁም። የዋንጫው የእኔ ነው፤ ይህ ግን ያንቺ ነው። እዚህ ላይ ተረትቻለሁ።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው «ትችት ማለት ይህ ነው። እኔ ያየሁትን ተቀብላ፣ ባየሁት በራሱ ረታችኝ» አሏቸው።

ስንበተን በሩ ላይ ይዘውኝ ቆሙ። ውጭ ካፊያ ጀምሯል።

«ደብተሩ ላይ አሁንም አንተ በይኝ» አሉ። «መድኃኒት ቤት የፈለግሽውን በይኝ።»

«በአፌ አይወጣልኝም ጋሼ።»

«በአፍሽ ማን አለሽ? በጽሑፍ ነው ያልኩት። አሁን እርስዎ ስትይኝ ሳትጨርሽ የምትተይው ነገር ያለ ይመስለኛል።»

ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በወረቀት «አንተ»፣ በባንኮኒ «እርስዎ» ሆነን ቀርተናል፤ እሳቸውም በደብተሩ ላይ አሁን «አንቺ» ይሉኛል። ከሁለቱ አንዱም አይከብደኝም።

ዳታው ከወራት በኋላ ተመለሰ። የቴሌግራሙ ቡድንም ነቃ። የመጀመሪያውን ጽሑፌን ስለቅ ሴት መሆኔ በግልጽ እንዲታወቅ አድርጌ ጻፍኩት። ሁለት ሰዎች ከቡድኑ ወጡ፤ አንዱ በሳምንቱ ተመለሰና ስለ ሌላ ተከታታይ ተከራከረኝ። ደብተሩን ግን ማንም አልተወውም፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ነን። በወር ሁለት እሑድም እንሰበሰባለን። ደምበጫ ያሉ ልጆች ሰምተው ጠርተውን፣ እኔና ጓደኛዬ በሚኒባስ ሄደን ነበር፤ እዚያ ስናገር ከእኛ ሱቅ እጥፍ የሚሆን ሰው ፊት ነበር የቆምኩት፤ ወረቀትም አልያዝኩም።

የመምህሩ ልጅ በመጨረሻ ለፋሲካ መጣች። ከአባቷ ጋር ወደ መድኃኒት ቤቱ ገቡ፤ ረጅም፣ ፈገግተኛ ልጅ ናት።

«ባለ ቅጠል አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አባዬ በስልክ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው። አሁን ደውሎ ደህና ነሽ ማለት እንኳ ይረሳል።»

እኔም ያ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ታሪክ መጨረሻ ለእሷ እንዴት እንደሆነላት ጠየቅኳት። ሦስተኛ ሐሳብ መስማት ፈልጌ ነበር። አባቷን በጎን አይታ አንገቷን ደፋች።

«እሱን አልጨረስኩትም» አለች። «አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት።»

መምህሩ መድኃኒታቸውን እንደያዙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለልጃቸው ብለው የጀመሩትን፣ ልጃቸው የተወችውን ነገር፣ ሽማግሌ ሆነው ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይተውታል። «ምንም አይደል» አሏት፣ «መልካም የሚሆነው ከአሥራ ሁለተኛው ወዲህ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ባለፈው እሑድ ስለተጫነው አዲስ ተከታታይ ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ሦስት ገጽ አልኳቸው። ገና አራተኛው ክፍል ላይ መሆናቸውን ተናግረው፣ መቆንጠጫው በትክክል መያዙን አረጋግጪልኝ ብለውኝ ከልጃቸው ጋር ወጡ።